የነብር ቆዳና የጅብ ዳና

በሥራ ዘመኔ አንድ መጽሐፍ ጻፍኩ፤ መጽሐፉ ነብር አስገደለ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ሁለተኛውን ጻፍኩ። ሰዎች ስለ ሁለተኛው ሲያመሰግኑኝ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። ግን የመጀመሪያውን ደብቄ የሁለተኛውን ምስጋና ብቻ ብቀበል ሥራውን ያስተማሩኝን ሰው ማስቀየም ይሆንብኛል። ስለዚህ ሁለቱንም እናገራለሁ።

ግርማ እባላለሁ። የመርሳ ልጅ ነኝ። አባቴ በደሴና በወልድያ መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበር። ነብር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በከባድ መኪና ተጭኖ ነው፤ ማለቴ ቆዳውን። ሹፌሩ ጎማው እስኪለጠፍለት ሸራውን ገለጥ አድርጎ ለአባቴ አሳየው። እኔም እጄን ሰደድ አድርጌ ዳሰስኩት። ለስላሳነቱ ገረመኝ። ከዚያ ውጭ ያሰብኩት ነገር አልነበረም።

ዲፕሎማዬን ይዤ ስመለስ የተመደብኩት እዚያው መርሳ፣ የሀብሩ ወረዳ የዱር እንስሳት ባለሙያ ሆኜ ነው። በቢሮው ሌሎቹ ስለ ጤፍ፣ ስለ ማሽላና ስለ ከብት ያወራሉ። የእኔ ሥራ ባለቤት ስለሌላቸው እንስሳት ነበር። መጀመሪያ በወጣሁበት ገጠር አንድ ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«የማን ከብት ነው የምትጠብቀው?» አሉኝ።

«የማንም አይደለም፣ አባቴ። የዱር ነው።»

«ታዲያ ደሞዝህን ማን ይሰጥሃል? ዝንጀሮው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ እንጂ ልቤ ከፍቶት ነበር። በመመለሻው መንገድ ላይ አብረውኝ የነበሩት ስካውት፣ የዱር እንስሳት ጠባቂው ጋሽ ይማም፣ «ሽማግሌው እኮ ደግ ነገር ጠየቁህ» አሉኝ። «መልሱን ፈልግላቸው። እኔ መልሱን ፈልጌ ካጣሁት ስንት ዓመቴ መሰለህ!»

ጋሽ ይማም አጭር፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ። ይህንን ለማንም አልደበቁም። «ገድያለሁ፤ ሸጫለሁም። ስለዚህ ገዳይ ሲዋሸኝ አውቀዋለሁ» ይሉ ነበር። እኔ ኮሌጅ ሦስት ዓመት የተማርኩትን እሳቸው ከመርሳ እስከ ውርጌሳ ባሉት ገደሎች ውስጥ በአንድ በጋ አስረሱኝና ሌላ አስተማሩኝ።

ከሁሉ በፊት ያስተማሩኝ ዳናን አለመርገጥ ነው። ዱካ ሲያገኙ ወዲያው አይጎነበሱም። ቆም ይላሉ፤ ነፋሱን ያዳምጣሉ፤ ከዚያ በሰፊው ዞረው ፀሐይ ከፊት ለፊታቸው እስክትሆን ይሄዳሉ። ፀሐይ ከዳናው ማዶ ስትሆን ጥላው ጎድጓዳውን ያወጣዋል። ከኪሳቸው ቋጠሮ ቋጠሮ ያለበት ሲባጎ ያወጣሉ። በቋጠሮና በቋጠሮ መካከል ያለው የአንድ ጣት ስፋት ነው። በሱ የፊቱን እግርም የኋላውንም ይለካሉ። የነብር ዳና ክብ ነው፣ ጥፍር አይታይበትም። የጅብ የፊት እግሩ ከኋላው ይበልጣል፣ መዳፉም ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው፣ ጥፍሩ ዱልዱም ሆኖ ይታያል። ኩሱ ደግሞ አጥንት ስለሚበላ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ እንደ አስተማሪ አልነበረም፤ ስለ ጎረቤቶቻቸው እንደሚያወሩ ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ደብተሩ ነው። በእርሳስ ብቻ ይጽፋሉ፤ የብዕር ቀለም በዝናብ ይሟሟል። እያንዳንዱን ገጽ ከላይ እስከ ታች በመስመር ለሁለት ይከፍሉታል። በአንዱ በኩል «ያየሁት»፣ በሌላው «የሰማሁት» የሚል ርዕስ አለ። ገበሬ መጥቶ «ነብር ጥጃዬን በላብኝ» ሲላቸው በአዘኔታ ያዳምጡና «የሰማሁት» በሚለው ሥር ይጽፉታል። ከዚያ ቦታው ድረስ ይሄዳሉ። አንዳንዴ እውነትም ነብር ይሆናል። አንዳንዴ ጥጃው ገደል ገብቶ ሞቶ አውሬው በኋላ የደረሰበት ይሆናል። የሰሙትን ካዩት ጋር ሳያመሳክሩ ፊርማቸውን አያስቀምጡም። እኔ በወጣትነቴ ይህ ነገር ሥራ የሚያጓትት ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ነብር ነበረች። ቀኝ ጆሮዋ ጫፉ ላይ የተሰነጠቀ ነው። ከጋሽ ይማም ጋር ብዙ በጋ ተከታትለናት በዓይናችን ያየናት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በሦስተኛው ጊዜ ሁለት ደቦሎች ከኋላዋ ነበሩ። ጋሽ ይማም በጎኗ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በደብተራቸው ስለዋቸዋል፤ የነብር ነጠብጣብ እንደ ሰው ጣት አሻራ ነው፣ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ያን ቀን ስንመለስ እኚያ የማይስቁ ሰው መንገዱን ሙሉ አንድ የአምባሰል ዜማ ሲያንጎራጉሩ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ወልድያ ላለው የዞኑ ቢሮ አዲስ ኃላፊ መጣ። ወጣት፣ ትጉህ ሰው ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም። «የአካባቢያችንን የዱር እንስሳት የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ ጻፍልኝ፤ ቱሪስትም ይመጣል፣ ተማሪም ያነባል» አለኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ስሜ በሽፋን ላይ ሊታተም ነው! ያወቅሁትን ሁሉ ጻፍኩ። ስለ ጉሬዛ፣ ስለ ሰስ፣ ስለ ጥሪኝ ጻፍኩ፤ የነብሯን ታሪክ ግን አሳምሬ ጻፍኩት። ገደሉን በስሙ ጠራሁት። ውኃ የምትጠጣበትን ምንጭ፣ ከየትኛው ቀበሌ ስንት ሰዓት እንደሚያስሄድ ጭምር አስቀመጥኩ። ካርታውን በእጄ ሳልኩት።

ረቂቁን ለጋሽ ይማም አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «የገደሉን ስም መጻፍህ ማንን ይጠቅማል?» አሉ።

«ጋሽ ይማም፣ የቦታ ስም የሌለው ምን መጽሐፍ አለ? ሰው ተረት ነው ይለዋል።»

«እሺ» አሉ። የሳቸው እሺ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

መጽሐፉ ታተመ፤ በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው ታደለ። አባቴ አንዱን ቅጂ በጎሚስታው ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀለው። ከዚያ ክረምቱ አለፈ፤ በመስከረም መጨረሻ ጋሽ ይማም ከውርጌሳ ኬላ መልእክት ላኩብኝ። «ቶሎ ና፤ ብቻህን ና» ይላል።

ስደርስ ማሽላ የጫነ መኪና ቆሟል። ጆንያዎቹ ወርደዋል። ከሥራቸው በጨው የታሸ የቆዳ ጥቅል ወጥቶ መሬት ላይ ተዘርግቷል። አራት ነበሩ። ጋሽ ይማም አንዱ አጠገብ ተቀምጠው በጣታቸው ይዳስሳሉ።

«ይቺ በወጥመድ ነው የተያዘችው» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «የፊት እግሯን ተመልከት፤ ሽቦው የበላበት ቦታ ፀጉሩ ተመልጧል። ቢያንስ ሁለት ቀን ታግላለች። ጥይት አላባከኑባትም።» ከዚያ ደብተራቸውን ከፈቱና ሥዕሉን ከቆዳው ጎን አኖሩት። ነጠብጣቡ አንድ ነው። ጆሮው ላይ ያለውን ስንጥቅ እኔው ራሴ አየሁት።

ጋሽ ይማም ግን አልጨረሱም። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ የተገኘ ነው ብለው አንድ ነገር ሰጡኝ። መጽሐፌ ነበር። የነብሯ ምዕራፍ ታጥፏል። የገደሉ ስም በቀይ ተሰምሮበታል። በካርታው ላይ፣ እኔ ምንጩን በሳልኩበት ቦታ፣ ክብ ተደርጓል።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። እርሳሳቸውን አቀበሉኝ፣ ደብተሩንም። «ጻፍ» አሉ።

«ምን ልጻፍ?»

«ያየኸውን ነዋ።»

«ያየሁት» በሚለው ሥር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የጻፍኩት መጽሐፍ በአዳኞቹ መኪና ውስጥ ተገኘ።» ፊደሉ እስከ ዛሬ በግድ ነው የሚነበበው።

ሰዎቹ ተፈረደባቸው፤ ወረቀቱ ብዙ ነበር፣ ስለሱ ማውራት አያስፈልግም። እኔና ጋሽ ይማም ለደቦሎቹ ስንል ገደሉን ሳምንት አሰስነው። አንዱን ሞቶ አገኘነው። የሌላውን ዳና አላገኘንም። ከዚያ በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ መጽሐፌን ሰበሰብኩ። ኃላፊው ተቆጣ፤ «የራስህን ሥራ ታጠፋለህ?» አለኝ። ርእሰ መምህራኑ ግራ ገባቸው። ከጎሚስታው ግድግዳ ላይ ልነቅለው ስሄድ አባቴ ፊቴን አይቶ ሚስማሩን ራሱ ነቀለው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ከሪፖርት በቀር አንዲት መስመር አልጻፍኩም። ሥራውን ግን አልተውኩትም። እንዲያውም ሥራ የተማርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ወደ ወልድያ ተዛወርኩ፤ ዞኑን በእግሬ አዳረስኩት። ቆዳ ማንበብ ቻልኩ። በየገበያው ጥሪኝ በጠባብ ቀፎ ዘግተው ዝባድ የሚያወጡትን፣ ለጅግራ ወጥመድ የሚያጠምዱትን፣ ዝንጀሮ አዝመራቸውን ጨርሶባቸው መርዝ የሚፈልጉትን ሁሉ በስማቸው አወቅኋቸው። ብዙዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ከብዙዎቹ ጋር ተጣልተን ኋላ ወዳጅ ሆነናል። ጋሽ ይማም ጡረታ ወጥተው ወደ ሐራ መለስ ካለው መንደራቸው ገቡ። በዓል ሲሆን እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ወልድያ የተያዘው በክረምት ነው። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ። ብዙ ሰው ወደ ደሴ በእግሩ ነጎደ። የባለቤቴ እናት መራመድ ስለማይችሉ እኛ ቀረን። አንድ ቀን ቢሮዬን ለማየት ሄድኩ፤ በሩ ተገንጥሏል፣ የሠላሳ ዓመት ወረቀት በወለሉ ላይ ተበትኖ ተረግጧል። የወደቀውን ላነሳ ጎንበስ አልኩና ተውኩት። ያን ጊዜ የሚያሳስበኝ ወረቀት አልነበረም፤ ጋሽ ይማም ነበሩ። ስኳር አለባቸው፤ መርፌያቸው ከየት ይመጣል?

ያገኘሁትን መድኃኒት ይዤ በእግሬ ወደ ሐራ አቀናሁ። ያገኘሁት ክኒን ነበር፤ መርፌው ከየትም አልተገኘም። ጋሽ ይማም አልጋ ላይ ሆነው እጄን ያዙ። በጣም ከስተዋል።

«አልሀምዱሊላህ፣ መጣህ» አሉ። «ደብተሮቼን ውሰድ። ልጆቼ ሲሸሹ እንዳይጥሏቸው።»

«ይሻልዎታል፣ ጋሽ ይማም። መንገዱ ሲከፈት ደሴ እንወስድዎታለን።»

«ኢንሻአላህ። አንተ ግን ውሰዳቸው።» እጄን ሳይለቁ፣ «ነብሯን አሁንም ታስባታለህ?» አሉኝ።

«በየቀኑ።»

«እኔም በወጣትነቴ የገደልኳቸውን አስባለሁ። ማሰቡ ጥሩ ነው። እሱን ይዞ ቁጭ ማለት ግን ሥራ አይደለም።»

አሥራ አንዱን ደብተር በጀርባዬ አዝዬ ተመለስኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ። ቀብራቸው ላይ አልነበርኩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጦሩ ከአካባቢው ወጥቶ መንገዱ እንደተከፈተ የሀብሩ ወረዳ ሰዎች ፈለጉኝ። ከመርሳ በስተምሥራቅ፣ ወደ ቆላው በሚወርደው በኩል፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ ጅብ ሰው እየነከሰ ነው፣ ፍየል እየፈጀ ነው፣ ሕዝቡ መርዝ ሊያስቀምጥ ነው ተባለ። ቀበሌውን በስሙ አልጠራም፤ ይህ አሁን ልማዴ ሆኗል።

ሕዝቡ የተሰበሰበው መስኮትና በር በሌለው የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነበር። እንደገባሁ ስለ ሕግ መናገር እንደማልችል ገባኝ። በዚያ ክፍል ያለው ሰው ሁሉ አንድ ዘመድ የሞተበት ነው። በጦርነቱ ጊዜ በየሜዳው የወደቁ፣ ተቻኩለው በአንድ ክንድ ጥልቀት የተቀበሩ ሰዎች ነበሩ። ጅብም አወጣቸው። ይህ ወሬ አይደለም፤ እኔም በመንገዴ ላይ ያየሁት ነው።

ሰይድ የሚባል ገበሬ ተነሣ። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«አቶ ግርማ፣ አንቱን ሁላችንም እናውቆታለን። ጅብ አትግደሉ ሊሉን ነው የመጡት። ወንድሜ ከብት እንደያዘ ከባድ መሣሪያ መታው። ከአምስት ቀን በኋላ ነው ልንፈልገው የቻልነው። ያገኘሁት ኩታውንና ጫማውን ነው። እነሱን በከፈን ጠቅልዬ ቀበርኩ። አሁን ደግሞ ጅቡ ፍየሎቼን ጨረሰ፤ ሚስቴንም ነከሳት። አሁን ይንገሩኝ፣ ምን ይሉኛል?»

«ወንድምህን አላህ ይማረው» አልኩት። «ስለሱ የምመልስልህ ቃል የለኝም። ሚስትህን ግን እንዳያት ፍቀድልኝ።»

ሚስቱ ፋጡማ በራፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ክንዷ በነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልሏል። ፈታችልኝ። ጅብ ቢሆን አጥንቱ ይደቅ ነበር፤ የጅብ መንጋጋ የበሬ ጭን ይሰብራል። ይህ ግን አራት ቀዳዳና አንድ የተቀደደ ሥጋ ነበር። የጋሽ ይማም ዓይነት ደብተር በቦርሳዬ ነበረኝ፤ አውጥቼ በመስመር ለሁለት ከፈልኩት።

«እህቴ፣ ጅብ መሆኑን አየሽው?»

«ጅብ ነው አሉኝ።»

«እነሱ ያሉትን ተይው። አንቺ ያየሽውን ንገሪኝ።»

አሰበች። «ማለዳ ነው፣ ውኃ ልቀዳ ስወርድ። ገና ሰማዩ አልጠራም። ከቁጥቋጦው ወጣ። አልጮኸም። ጅራቱ... ጅራቱ በእግሮቹ መካከል ገብቶ ነበር። አፉ አረፋ በአረፋ ነበር። እየተንገዳገደ መጣብኝ፣ እንደ ሰከረ። በእንስራው መታሁት፤ አልሸሸም።»

«ስንት ቀን ሆነው?»

«ዛሬ ሦስተኛዬ።»

ውሻ ነው፤ ያውም ያበደ። ባለቤቶቻቸው ሲሸሹ የተተዉ ውሾች መንጋ ሆነው በየሜዳው ይዞሩ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ሳሙና አወጣሁና ፋጡማ ቁስሏን በሚፈስ ውኃ ለረጅም ጊዜ እንድታጥበው አደረግሁ። ሰይድን ወደ ጎን ጠርቼ በግልጽ ነገርኩት።

«ሚስትህ የውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት በአስቸኳይ ካላገኘች ትሞታለች። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ መድኃኒት የለውም። ዛሬውኑ መሄድ አለባት።»

እሱ ግን ያልጠበቅሁትን ተናገረ። «መርዙን አስቀምጬዋለሁ።»

«የት?»

«ከሸለቆው ውስጥ፣ በሞተ አህያ ላይ። ዛሬ ጠዋት።» ወዲያው ደግሞ፣ «ታዲያ ውሻም ከሆነ ይግደለዋ!» አለ፤ እንደ መለመን ነበር።

«ያበደ ውሻ አይበላም፣ ሰይድ። ጉሮሮው ተዘግቷል፤ ምራቁን እንኳ መዋጥ አይችልም፣ አረፋው ለዚያ ነው። መርዝህ ጤነኛውን ሁሉ ጨርሶ ያበደውን ብቻ ይተውልሃል። ጥንብ የሚያጸዳልህንም ይገድልብሃል።»

አንድ ጎረቤት ፋጡማን ይዞ ወደ መርሳ እንዲሄድ አደረግን። እኛ ወደ ሸለቆው ሮጥን። ጉልበቴ የወጣት አልነበረም፤ ሰይድ ቀድሞኝ ደረሰ። ሁለት ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ዘርግተው ወድቀዋል። ሌሎች ከላይ ይዞራሉ፤ ሦስቱ ድንጋይ ላይ አርፈው ለመውረድ ያመነታሉ። ሰይድ ኩታውን እያውለበለበ እየጮኸ አባረራቸው። ከዚያ አካፋ አስመጥቶ፣ እጁን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ማንንም ሳያስጠጋ ጉድጓዱን ብቻውን ቆፈረ። አህያውንም የሞቱትን አሞራዎችም በጥልቅ ቀበረ። እያለቀሰ ነበር። ለማን እንደሚያለቅስ አልጠየቅሁትም፤ ያን ቀን ወንድሙን እንደገና የሚቀብር ነበር የሚመስለው።

የተረፈውን መርዝ ከቤቱ አምጥቶ ለግብርና ሠራተኞቹ አስረከበ። ከዚያ ፍየሎቹ ወዳለቁበት በረት ወሰድኩት። ዳናው አልጠፋም ነበር። ሲባጎውን ለሱ ሰጠሁት፤ እኔ ብለካው አያምንም። የፊቱንም የኋላውንም እግር ለካ። እኩል ነው። ጥፍሩ ሹል ነው። የሞቱት ፍየሎች ታፋቸው ተዘንጥሎ ሳይበሉ የቀሩ ነበሩ። «ጅብ ቢሆን ቀንዱን እንኳ አታገኝም ነበር» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ራሱ ወደ ስብሰባው ተመልሶ ለሰዎቹ ነገራቸው። የኔ ቃል ያን ያህል ባልሠራ ነበር።

ፋጡማ መርሳ ደረሰች፤ ክትባቱ አልነበረም። ወልድያም አልነበረም፣ ደሴም አልነበረም፤ ጦርነቱ ሁሉንም ባዶ አድርጎታል። ስልክ ከተመለሰ ገና ጥቂት ቀን ነው። ለማውቀው የእንስሳት ሐኪም ሁሉ ደወልኩ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ተገኘ፤ እርዳታ አራግፎ የሚመለስ የጭነት መኪና ሹፌር ከነባሏ ጋቢና አሳፍሮ አደረሳት። ክትባቷን ጨርሳ ስትመለስ ሸለቆው ዳር ቆሜ ተቀበልኳት። ክንዷን አሳየችኝ፤ ድኗል።

እሷ በሌለችበት ጊዜ የቀበሌው ሰው ሥራ አልፈታም። ባለቤት ያላቸው ውሾች ታሰሩ፤ ያበዱትን የእንስሳት ሐኪሞቹ አስወገዱ። ጅቡን በሚመለከት ያደረግነው ነገር አንድ ነው፤ ሙታኑን እንደገና ቀበርን። ቄሱም ሼሁም አብረው ወጡ። ማን የማን ወገን እንደነበረ አልተጠየቀም። ጉድጓዱ በሰው ቁመት ልክ ተቆፈረ፣ ከላዩ ድንጋይ ተነባበረበት። በዚያ በጋ ጅቦቹ ወደ ድሮ ዋሻቸው ተመለሱ። ኖራ የመሰለ ኩሳቸውን ገደሉ ሥር አግኝቼ በደብተሬ ውስጥ «ያየሁት» ብዬ ጻፍኩት። በሠላሳ ምናምን ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ጡረታ እንደወጣሁ የጋሽ ይማምን አሥራ አንድ ደብተርና የራሴን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ መጻፍ ጀመርኩ። ካርታ የለውም። የገደል፣ የምንጭ፣ የቀበሌ ስም የለውም። ቆዳ እንዴት እንደሚሸጥ፣ ወጥመድ ምን እንደሚያደርግ፣ መርዝ ማንን እንደሚገድል፣ የነከሰው ጅብ ይሁን ውሻ በምን እንደሚለይ ግን አንድም ሳልደብቅ ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የዚያች ነብር ነው፤ ማን እንዳስገደላትም በስሜ ተጽፏል። የሌሎቹን ሰዎች ስም ግን ተውኩት። ሰውን በጥፋቱ ማሳፈር አልፈለግሁም።

ሲታተም መጀመሪያ ቅጂ ይዤ የሄድኩት እዚያው ቀበሌ ነው። ማንበብ የማይችሉ ስላሉ የእነሱን ምዕራፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የትምህርት ቤቱ ክፍል በር ገብቶለታል። ሴቶቹ «አላሁ አክበር» እያሉ፣ አንዳንዴም እየሳቁ ሰሙኝ። ፋጡማ እንስራው የተነሣበት ቦታ ስደርስ ለጎረቤቷ «እሱ እኔ ነኝ» ብላ ሹክ አለቻት። ሰይድ ከኋላ ቆሞ ነበር። ስጨርስ እጁን አነሣ።

«አቶ ግርማ፣ አንድ ነገር ጎድሎታል።»

«ምን?»

«‹አንድ ገበሬ መርዝ አስቀመጠ› ይላል። አንድ ገበሬ ማነው? ስሜን ለምን አልጻፉትም?»

«እንዳታፍር ብዬ ነው፣ ሰይድ።»

«ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «የቀበርኩትም እኔ ነኝ። ስሜ ካልተጻፈ የቀበረው ሌላ ሰው ነው ይላሉ።»

ሰዎቹ ዞረው አዩት። እሱ ግን ዓይኑን ከኔ አላነሣም።

ያመጣኋቸውን ቅጂዎች በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው፤ ያንን ገጽ እየከፈትኩ፣ «አንድ ገበሬ» የሚለውን በአንድ መስመር እየሰረዝኩ፣ ከላዩ ስሙን ከነአባቱ በእጄ ጻፍኩ። ሰይድ አጠገቤ ተቀምጦ እያንዳንዱን ተቀበለኝ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ገጹን ክፍት አድርጎ እየያዘ ለሰዎቹ አደላቸው።